ወደ ፀሐይ ስንት ቀን ያስኬዳል?

እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ።

በመጀመሪያ ይህን ምሽት ያዘጋጃችሁትን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ እናንተን አመሰግናለሁ። ስትደክሙ ውላችሁ ቤታችሁ አረፍ ማለት ስትችሉ፣ ስለ ፀሐይ ርቀት ልትሰሙ መጣችሁ። እውነቴን ነው፣ ይህን ያህል ሰው አልጠበቅሁም።

ርዕሱን አይታችሁታል። ወደ ፀሐይ ስንት ቀን ያስኬዳል? ብዙ ሰው ይህን ሲጠይቀኝ አንድ ቁጥር ነው የሚጠብቀው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ ሂያጁ ማን ነው? ብርሃን ነው? መኪና ነው? ከላይ የተለቀቀ ድንጋይ ነው? መንኮራኩር ነው? ለእያንዳንዱ መልሱ ሌላ ነው። ከደቂቃ ይጀምርና ሺህ ዓመት ያልፋል።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ወደ ፀሐይ መሄድ የከበደው ስለራቀች አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ ስለራቀች አይደለም! ታዲያ ለምንድን ነው? እዚያ እስክንደርስ ታገሡኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ርቀቱ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ በምን ታወቀ? ሦስተኛ፣ ጉዞው ራሱ። የመጀመሪያውን ቶሎ እጨርሰዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ስለምወደው ልዘገይ እችላለሁ፤ ካበዛሁት ሰዓት አሳዩኝ። ዓመት ስጠራ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እሺ፣ ርቀቱ። በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2012 ቁጥሩን እስከ ሜትር ድረስ ወስኖ አስቀምጦታል፤ 149,597,870,700 ሜትር። እናንተ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካላችሁ ማንም አይጣላችሁም።

"በአማካይ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ትክክለኛ ክብ አይደለም፤ በትንሹ ሞላላ ነው። በጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ እንቀርባለን። በጁላይ መጀመሪያ ደግሞ 152 ሚሊዮን ድረስ እንርቃለን። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። "በጃንዋሪ የምንቀርብ ከሆነ፣ ያኔ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ለምን የብርድ ወቅት ይሆናል?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ወቅትን የሚለዋውጠው የምድር ዘንበል ማለት ነው፤ 23.4 ዲግሪ። የ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩ ልዩነት ከጠቅላላው ርቀት 3 በመቶ ቢሆን ነው። ሙቀቱን ትንሽ ይነካዋል እንጂ የሙቀትና የብርድ ወቅትን አያመጣም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። በምን ታወቀ?

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግንበኛ ነበሩ። ሜትር ከኪሳቸው አይለይም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ከመጽሐፍ ላይ ያገኘሁትን በኩራት አነበብኩላቸው። "አባዬ፣ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች።" ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ "የሜትሩን ያኛውን ጫፍ ማን ያዘው?" አሉኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን መልስ አጥቼ ቀርቻለሁ። ደግሞ አስቡት፤ ጥያቄው ትክክል ነው! የሰው ልጅም ከ2,000 ዓመት በላይ ሲያስጨንቀው የኖረው ይኸው ጥያቄ ነው። ያኛውን ጫፍ የሚይዝልህ ሰው በሌለበት እንዴት ትለካለህ?

እስቲ አሁን ሁላችሁም አንድ ነገር አድርጉልኝ። አውራ ጣታችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ሁላችሁም! አንድ ዓይን ጨፍኑና ጣታችሁን ከኋላዬ ካለው ግድግዳ ጋር አስተያዩት። አሁን ዓይናችሁን ቀይሩ። ጣታችሁ ዘለለ አይደል? ጣታችሁ አልተንቀሳቀሰም፤ ያያችሁበት ቦታ ነው የተቀየረው። በዓይኖቻችሁ መካከል ያለውን ርቀት ካወቃችሁና ጣቱ ምን ያህል እንደዘለለ ከለካችሁ፣ የጣታችሁን ርቀት በስሌት ታገኛላችሁ። ያኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም። እጃችሁን ማውረድ ትችላላችሁ፤ አመሰግናለሁ።

የሥነ ፈለክ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንዱ ዓይን አንድ አህጉር ላይ፣ ሌላው ዓይን ሌላ አህጉር ላይ። ችግሩ ፀሐይ ዘዴው አይሠራላትም። በጣም ታበራለች፤ ከኋላዋ ኮከብ አይታይም። ኮከብ ካልታየ ደግሞ ዝላዩን ከምን ጋር ታስተያያለህ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊው አርስጣርኮስ ሌላ መንገድ ሞክሯል። ጨረቃ ልክ ግማሿ ሲበራ፣ በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ማዕዘን ለመጠቀም አሰበ። ሐሳቡ እንከን የለውም። ማዕዘኑን 87 ዲግሪ ብሎ ያዘው። እውነተኛው ግን ከ90 ዲግሪ የሚያንሰው ከሩብ ዲግሪ ባነሰ ነው። በዚህች ትንሽ ልዩነት ምክንያት "ፀሐይ ከጨረቃ 20 እጥፍ ያህል ትርቃለች" አለ። እውነቱ 390 እጥፍ ገደማ ነው።

ከዚያ ብዙ ዘመን አለፈ። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሰው ኬፕለር መጣና በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትልቅ ስጦታ ሰጠን። የፕላኔቶቹን ርቀት በኪሎ ሜትር ባናውቅም፣ አንዱ ከሌላው ጋር ያለውን ምጣኔ ማወቅ ቻልን። ለምሳሌ ቬነስ ከፀሐይ የምትርቀው የምድርን ርቀት 72 በመቶ ያህል ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ፀሐይን መለካት አያስፈልግም ማለት ነው! አንዲት ጎረቤት ፕላኔት ለካ፣ የቀረው ሁሉ ራሱ ይወጣል። በ1672 ካሲኒ ከፓሪስ፣ ባልደረባው ሪሼ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካዋ ካየን ሆነው ማርስን ለኩ። ለፀሐይ 140 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ወጣላቸው። ለዚያ ዘመን ይህ ግሩም ነው።

ከዚያ እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ተነሣ። አዎ፣ ያ ጅራታም ኮከብ በስሙ የተጠራለት። "ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከተለያየ የምድር ክፍል እንለካት" አለ። ይህ ክስተት ብርቅ ነው። ሁለት ጊዜ በ8 ዓመት ልዩነት ይመጣና ከዚያ ከ100 ዓመት በላይ ይጠፋል። ሃሌይ ሐሳቡን በ1716 ሲያቀርብ፣ ቀጣዩ 1761 እንደሆነና እሱ እንደማይደርስበት ያውቅ ነበር። በ1742 ሞተ። እናንተስ፣ የማታዩትን ሥራ እንዲህ አሰናድታችሁ ለሌላ ታስረክባላችሁ?

አሁን የማወራላችሁን ሰው ታሪክ ካልነገርኩ አልሄድም። ሰዓት ብታሳዩኝም አልሄድም። ስሙ ጊዮም ለዣንቲ ነው፤ ፈረንሳዊ። በ1760 የ1761ዱን የቬነስ ማለፍ ለማየት ወደ ሕንድ፣ ወደ ፖንዲሼሪ በመርከብ ተነሣ። ያኔ ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦርነት ላይ ናቸው። ሊደርስ ሲል ፖንዲሼሪ በእንግሊዞች መያዟ ተሰማ። መርከቡ ተመለሰ። ቀኑ ደረሰ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ቬነስ አለፈች፤ እሱ ግን ባሕር ላይ ነው። በሚወዛወዝ መርከብ ላይ ደግሞ ትክክለኛ ልኬት የለም።

ምን አደረገ መሰላችሁ? "8 ዓመት እጠብቃለሁ" አለ። እዚያው ቀረ። የማዳጋስካርን አካባቢ ሲያጠና፣ ካርታ ሲሠራ ቆየ። እስከ ማኒላም ሄደ። በመጨረሻ ፖንዲሼሪ ለፈረንሳይ ስትመለስ እዚያ ደርሶ የመመልከቻ ቤት አሠራ። መሣሪያውን አስተካክሎ ጠበቀ። ጁን 1769፤ ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ደመና መጣና ፀሐይን ሸፈነ። ቬነስ አልፋ ስታበቃ ሰማዩ ጠራ።

በ1771 አገሩ ሲመለስ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ሞቷል ተብሎ ኖሯል። በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ንብረቱን ወራሾች ሊካፈሉ ተሰናድተዋል። በሕይወት መኖሩን ለማስረዳት መከራከር ነበረበት! ቦታውን በኋላ መልሰውለታል።

ሌሎቹ ግን ተሳክቶላቸዋል። ካፒቴን ኩክ ታሂቲ ድረስ ሄዶ ለክቷል። ከየቦታው የመጣው ልኬት ተደምሮ፣ ላላንድ የሚባል ፈረንሳዊ በ1771 ወደ 153 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አስጠጋው። ከዛሬው ቁጥር የሚለየው 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። በእንጨት መርከብና በፔንዱለም ሰዓት!

እኔም ይህን ክስተት አይቻለሁ። ጁን 2004። በዓይን ፀሐይን ማየት ያሳውራል፣ እንዳትሞክሩት። በቢኖኩላር የፀሐይዋን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጣልነው። ክቡ ብርሃን ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ቀስ እያለች ትሄዳለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። አጠገቤ የነበረ ልጅ "ይኼው ነው?" አለና ሄደ። አልፈርድበትም። እኔ ግን ከወረቀቱ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ ለዣንቲ 11 ዓመት ሙሉ ሲያሳድዳት የኖረችው ነጥብ ይህች ናት። በ2012 ደግማ አልፋለች። የሚቀጥለው 2117 ነው፤ እንግዲህ እዚህ ያለነው ለልጅ ልጆቻችን መንገር ነው።

በመጨረሻ ነገሩን የቋጨው ራዳር ነው። በ1961 የአሜሪካ፣ የሶቪየት ኅብረትና የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች የሬዲዮ ሞገድ ወደ ቬነስ ላኩ። ሞገዱ ሄዶ፣ ነጥሮ ተመለሰ። በቅርብ ርቀት ላይ ስትሆን የደርሶ መልሱ ጊዜ 4 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ጊዜውን በብርሃን ፍጥነት አባዝተህ ለሁለት ስታካፍለው ርቀቱ ወጣ። ለምን ፀሐይን ራሷን በራዳር አልለኩም? ሞገዱን አንጥሮ የሚመልስ ጠጣር ገጽ የላትም፤ በዚያ ላይ ራሷ ሬዲዮ ሞገድ ትረጫለች።

ሦስተኛው፣ ጉዞው።

ከፈጣኑ እንጀምር። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከፀሐይ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ይፈጅበታል። በጃንዋሪ 8 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በጁላይ 8 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገደማ። ስለዚህ የምታዩት ፀሐይ የአሁኗ አይደለችም፤ ከ8 ደቂቃ በፊት የነበረችው ናት። ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚፈጅበት ያሳየው ኦሌ ሮመር ነው፣ በ1676። የጁፒተር ጨረቃ የምትጋረድበት ሰዓት፣ ምድር ወደ ጁፒተር ስትቀርብ ይቀድማል፣ ስትርቅ ይዘገያል። ከዚህ ተነሥቶ ነው የደረሰበት።

አሁን ወደ መኪና እንውረድ። የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነ ጓደኛ አለኝ። "በሰዓት 100 እየነዳሁ ፀሐይ ጋ መቼ እደርሳለሁ?" አለኝ። አሰላሁለት። "170 ዓመት።" "ሳላርፍ?" "ሳታርፍ፣ ሳትተኛ፣ ነዳጅ ሳትቀዳ። በቀን 8 ሰዓት ብቻ ከነዳህ ከ500 ዓመት ያልፋል።" ትንሽ አሰበና "በቃ ተወው" አለ። በሰዓት 900 በሚሄድ አውሮፕላን 19 ዓመት ነው። በእግር፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ 3,400 ዓመት።

እነዚህ ቁጥሮች ደስ ይላሉ፤ በየቦታውም ታገኟቸዋላችሁ። ልንገራችሁ ግን፣ ሁሉም ጨዋታ ናቸው። ለምን? ቀጥ ያለ መንገድ አለ ብለን ስለገመትን። እንዲህ ያለ መንገድ የለም።

አሁን ስትሰሙኝ የተቀመጣችሁ መስሏችኋል። በሰዓት 107 ሺህ ኪሎ ሜትር እየበረራችሁ ነው! በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ፍጥነት ነው። አቅጣጫው ወደ ፀሐይ አይደለም፤ ወደ ጎን ነው። ከሚበር መኪና መስኮት መንገድ ዳር ወዳለ ቅርጫት ኳስ ብትወረውሩ ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል? አይገባም፤ ኳሱ የመኪናውን ፍጥነት ይዞ ነው የሚወጣው፣ አልፎት ይሄዳል። ከምድር የሚነሣ መንኮራኩርም እንደዚያው ነው። ወደ ፀሐይ አነጣጥሮ ብቻ ቢተኮስ፣ ያን የጎን ፍጥነት ተሸክሞ ፀሐይን ይስታታል።

እንግዲህ የከበደው ይህ ነው። ርቀቱ አይደለም፤ ፍጥነታችን ነው። ወደ ፀሐይ ለመግባት መሮጥ አይደለም የሚያስፈልገው፤ መቆም ነው። መቆም! ያን 30 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ማጥፋት ነው። ከሥርዓተ ፀሐይ ጨርሶ ለመውጣት እኮ በምድር ፍጥነት ላይ የምትጨምሩት በሰከንድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ ፀሐይ ከመግባት ይልቅ ከእሷ አምልጦ መሄድ ይቀላል።

ድንጋይ ያልኳችሁ ትዝ አላችሁ? በምድር ርቀት ላይ አንድ ድንጋይ ፍጹም አቁመን ብንለቀው፣ ያለ ሞተር፣ ያለ ነዳጅ፣ የፀሐይ ስበት ብቻ እየጎተተው በ64 ቀን ተኩል ይደርሳል። ከሁለት ወር በትንሹ ቢበልጥ ነው። መጀመሪያ ቀስ ይላል፤ መጨረሻ ላይ በሰከንድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። መንገዱ እንግዲህ ይህን ያህል አጭር ነው፤ የሚያስቸግረው ማቆሙ ነው።

ታዲያ እስካሁን ከሁሉ የቀረበው ማን ነው? ፓርከር የምትባል የናሳ መንኮራኩር ናት። ነሐሴ ውስጥ፣ ኦገስት 12 ቀን 2018 ተነሣች። ክብደቷ 700 ኪሎ አይሞላም፤ የተነሣችው ግን በዘመኑ ከነበሩት ኃይለኛ ሮኬቶች በአንዱ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላት 25 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀረበች። ከርቀቱ ከ80 በመቶ በላዩን አለፈች ማለት ነው። ከዚያስ? የቀረውን ለማጥበብ ከ6 ዓመት በላይ ፈጀባት! ሮኬቱ የቻለውን ያህል ነው ፍጥነት ያጠፋላት። የቀረውን ያጠፋችላት ቬነስ ናት። ሰባት ጊዜ በቬነስ አጠገብ አለፈች፤ ባለፈች ቁጥር የቬነስ ስበት ትንሽ ፍጥነት ይቀንስላታል፣ ምሕዋሯ ወደ ፀሐይ ይጠጋል።

ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ አለፈች። ፍጥነቷ በሰዓት 692 ሺህ ኪሎ ሜትር፤ ከሰው እጅ ሥራ እንዲህ የፈጠነ የለም። ያንን ፍጥነት የሰጣት ሞተር አይደለም፤ ወደ ፀሐይ መውደቋ ነው። በዚያ ፍጥነት ቀጥ ያለ መንገድ ቢኖር ከምድር ፀሐይ 9 ቀን ነበር። በምትቀርብበት ሰሞን ግንኙነት የለም፤ ለቀናት ድምፅዋ ጠፋ። ከሁለት ቀን በኋላ "ደህና ነኝ" የሚል ምልክት መጣ። ፊቷን የሚጋርደው 11.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ጋሻ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ ከጋሻው ጀርባ ያሉት መሣሪያዎች የክፍል ሙቀት ውስጥ ናቸው።

ስሟ የተሰየመው በዩጂን ፓርከር ነው። በ1958 "ከፀሐይ ያለማቋረጥ ነፋስ ይነፍሳል" ብሎ ሲጽፍ ገምጋሚዎቹ አልተቀበሉትም ነበር። በ91 ዓመቱ መንኮራኩሯ ስትነሣ ቆሞ አይቷል። በ2022 አረፈ፤ የዲሴምበሩን ማለፍ አልደረሰበትም።

ያ ነፋስ ደግሞ በተቃራኒው ወደ እኛ ይመጣል፤ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ቀን አካባቢ ይፈጅበታል። ሲቆጣ ግን አይዘገይም። በሴፕቴምበር 1859 ካሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ፀሐይ ላይ ብልጭታ አየ። 18 ሰዓት ሳይሞላ ማዕበሉ ምድር ደረሰና የቴሌግራፍ መስመሮችን አወከ። ዛሬ እንዲያ ያለ ቢመጣ ሳተላይቱም የኤሌክትሪክ መስመሩም ይፈተናል። ፓርከርን የመሰሉ መንኮራኩሮች የሚላኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

"ታዲያ ሰው መቼ ይደርሳል?" ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። የሚደረስበት መሬት የለም፤ ገጽ የምንለው 5,500 ዲግሪ የሆነ ጋዝ ነው። ሌላውን ሁሉ ጠይቁኝ። ማይኩን ወደ ኋላ አስተላልፉልኝ፤ ከግድግዳው ጋ ካለችው እህታችን እንጀምር።